ኪርያላይሶን በኤሌክትሪክ ጊታር

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሰባ ደረጃ አካባቢ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ አራት ሆነን ተቀምጠናል። አንድ የቆየ የሮክ አልበም ከስልኬ በትንሿ ስፒከር ከፈትኩ። ጊታሩ እያጓራ፣ ከላዩ የወንዶች ዜማ የሚመስል ድምፅ «ኪርዬ ኤሌይሶን» ማለት ጀመረ። እማዬ ጀበናዋን ይዛ ከጓዳ እየወጣች ነበር። በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ይኼ የስቅለት አይደል እንዴ?»

ይህን አልበም ካወቅኩት ቆየሁ። ሁሌ የሚገርመኝ ሰው ስለሱ የሚሰጠው አስተያየት ነው። አንዱ ጸሎት ነው ይላል። ሌላው ድፍረት ነው ይላል። ሦስተኛው ጭራሽ አሰልቺ ነው ብሎ መሃል ላይ ያጠፋዋል። የሚሰሙት ግን አንድ ዓይነት 26 ደቂቃ ገደማ ሙዚቃ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት ይመጣል? የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ ነው። መልሱ ያለው ከአልበሙ ይልቅ ሰሚው ከአልበሙ በፊት በሰማው ነገር ውስጥ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ኤሌክትሪክ ፕሩንስ የሚባል የሎስ አንጀለስ ባንድ ነበር። ስሙ በግርድፉ ሲተረጎም «የኤሌክትሪክ የደረቀ ፕሪም» ነው። አዎ፣ ያው ፍሬው። የዚያን ዘመን ባንዶች ስም ሲያወጡ ሽማግሌ አያማክሩም። ባንዱ በ1966 መጨረሻ ባወጣው አንድ ዘፈን ታወቀ። ዘፈኑ የሚጀምረው ቴፕ ወደ ኋላ ሲዞር በተገኘ የሚነዝር የጊታር ድምፅ ነው። ከዚያ በጥር 1968፣ በእኛ 1960 መሆኑ ነው፣ ማንም ያልጠበቀውን ሸክላ አወጡ። ስሙ «ቅዳሴ በኤፍ ማይነር» ነው።

ስሙ ለጌጥ የወጣ አይደለም። ስድስቱም ትራኮች የካቶሊክ ቅዳሴ ክፍሎች ናቸው። ቃሉም በግሪክና በላቲን ነው። ለእኛ አንባቢ ባዕድ እንዳይመስል በምናውቀው ልጥራቸው። ኪርዬ ያው ኪርያላይሶን ነው። ግሎሪያ «ስብሐት ለእግዚአብሔር በአርያም» ነው። ክሬዶ ጸሎተ ሃይማኖት ነው። ሳንክቱስ «ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ»፣ ቤኔዲክቱስ «ቡሩክ ዘይመጽእ በስመ እግዚአብሔር»፣ አኙስ ዴይ ደግሞ «በግዑ ለእግዚአብሔር» ነው። ይሄ ሁሉ በከበሮ፣ በባስና በሚያጓራ ጊታር።

ደራሲው ከባንዱ ልጆች አንዱ አልነበረም። ሙዚቃውን የጻፈውም ያቀናበረውም ዴቪድ አክስልሮድ ነው። ሰውየው ከጃዝና ከሶል ሰፈር የመጣ ፕሮዲውሰር ነበር። የነዘፋኙ ሉ ሮውልስንና የነሳክስፎን ተጫዋቹ ካነንቦል አደርሊን ሥራዎች ያመረተ ሰው ነው። ኖታ ጽፎ ለባንዱ ሰጠ። ችግሩ ልጆቹ በኖታ የሚጫወቱ ዓይነት አልነበሩም። በጆሮና በስሜት ነው የሚሠሩት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ትራኮች እንደምንም ተጫወቱ። ስቱዲዮ ደግሞ በሰዓት ነው የሚከፈለው። ስለዚህ ዘ ኮሌክተርስ የሚባል የካናዳ ባንድና ሌሎች ሙዚቀኞች ገብተው ሥራውን ጨረሱት። በዚያው ዓመት በባንዱ ስም ሌላ ሃይማኖታዊ ሸክላ ወጣ። ያኛው በአይሁድ የ«ኮል ኒድሬ» ጸሎት ላይ የተመሠረተ ነው። በዚያ ላይ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ጭራሽ የሉበትም። ስሙ ቀረ፣ ባለቤቶቹ ሄዱ።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቆይቼ እመለስበታለሁ።

የዚህ ባንድ ዓይነት ሙዚቃ «ሳይክደሊክ» ሮክ ይባላል። እሱ ደግሞ ምንድን ነው? ቃሉን በ1956 የፈጠረው ሃምፍሪ ኦዝመንድ የሚባል የአእምሮ ሐኪም ነው። ኤልኤስዲን ስለመሰሉ፣ የሌለ ነገር ስለሚያሳዩ መድኃኒቶች ሲያጠና ከሁለት የግሪክ ቃላት ገጣጠመው። ትርጉሙ «ነፍስን ገላጭ» እንደማለት ነው። አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ቃሉ ከሐኪም ቤት ወጥቶ ሙዚቃ ውስጥ ገባ። እዚያ ሲደርስ የአንድ ዓይነት ድምፅ መጠሪያ ሆነ። የተደጋገመ ዜማ፣ ረጅም ማስተጋባት፣ ወደ ኋላ የዞረ ቴፕ፣ የሚነዝር ጊታር። ዓላማው ሰሚው ጊዜውን እንዲረሳ ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል። ጊዜን የሚያስረሳ ተደጋጋሚ ዜማ ለእኛ አዲስ ነው እንዴ? እግዚኦታ 41 ጊዜ ሲደጋገም አንድ ቦታ ላይ ቆጠራው ይጠፋና ዜማው ራሱ ይሸከምሃል። ማኅሌት የቆመ ሰው ሌሊቱ እንዴት እንደነጋ አያውቀውም። ማስተጋባትም ቢሆን ብርቃችን አይደለም። የአዲስ አበባ ልጅ ከሰፈሩ ድምፅ ማጉያ «ወገኖቼ... ኖቼ... ኖቼ...» የሚል ስብከት ሲሰማ ነው ያደገው። ያ ኢኮ ከግድግዳ የመጣ አይደለም፣ ሚክሰሩ ላይ ያለች አንዲት ቁልፍ ናት። በ1968 ሎስ አንጀለስ ላይ ቢቀዳ ኖሮ ሳይክደሊክ ይባል ነበር ብዬ ለዲያቆኑ ጓደኛዬ ነገርኩት። አልሳቀም።

የጊታሩን መንዘር ግን በደንብ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው የሚቀየመው በእሱ ነውና። «ፈዝ» ይባላል። ጊታሩ በገመድ የሚልከው ድምፅ ሞገድ ነው፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ፈዝ የምትባለው ትንሽ ሣጥን ይህን ሞገድ ከሚገባው በላይ ትገፋዋለች። ጣሪያ ላይ ይደርስና ጫፉ ይቆረጣል። ክቡ ሞገድ አራት ማዕዘን ነገር ይሆናል። በዚያ ጊዜ መጀመሪያ ያልነበሩ ቀጫጭን ድምፆች ይፈለፈላሉ። ጆሯችን ያንን ነው እንደ ንብ መንጋ የሚሰማው።

በገና የሚያውቅ ሰው ይሄኔ ፈገግ ይላል። በገና አሥር አውታር አለው፣ ከበግ አንጀት የተፈተለ። አውታሩ ብርኩማው ላይ፣ ማለትም አውታሮቹን ከፍ አድርጎ በሚይዘው እንጨት ላይ፣ በሚያርፍበት ቦታ እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። አውታሩ ሲመታ ቆዳዋን እየነካ ይርገበገባል። ያ «ዝዝዝ» የሚለው የበገና ድምፅ የሚመጣው ከዚያች ቆዳ ነው። እንዝራዋን ብታወጣት በገናው ድምፁ ጠርቶ ባዶ ይሆናል። ደርዳሪው ቁጭ ብሎ እንዝራዋን ሚሊሜትር በሚሊሜትር ወደ ላይና ወደ ታች እየገፋ ነዘሩን ሲያስተካክል ያየ ሰው ያውቀዋል። ፈዝ ማለት በኤሌክትሪክ የተሠራ እንዝራ ነው ብል አልተሳሳትኩም። አሠራራቸው ይለያያል፣ ውጤታቸው ግን ዘመድ ነው። ሁለቱም ንጹሑን ድምፅ ሆን ብለው ያደፈርሱታል።

ታዲያ አንዱ ነዘር የሁዳዴ ጸሎት፣ ሌላው የጭፈራ ቤት ጩኸት የሚሆነው ለምንድን ነው? በድምፁ ምክንያት እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ጆሯችን ያንን ድምፅ መጀመሪያ የት አገኘው የሚለው ነው የሚወስነው። በገናን በጾም ወቅት በሬዲዮ፣ ከእናቱ ጉልበት ሥር የሰማ ልጅ ነዘር ሲሰማ ይረጋጋል። ጊታርን በቡና ቤት የሰማ ደግሞ ጠርሙስ ይሸተዋል።

ወደ ሳሎናችን እንመለስ። አራት ሰዎች አራት ዓይነት ነገር ሰማን። እማዬ ስትጨመር አምስት።

ጊታሪስቱ ጓደኛዬ ቸርች ውስጥ ይጫወታል። ለእሱ ጊታርና አምልኮ መጣላታቸው ራሱ አይገባውም። እሁድ እሁድ የሚያየው ነገር ነው። የከበደው ሌላ ነው። «ጥሩ ነው፣ ግን ለማነው የሚዘምሩት?» አለ። ቃሉ በላቲን ስለሆነ ጉባኤው አብሮ ሊዘምር አይችልም። እሱ ያደገበት ዝማሬ ደግሞ ሰዉ ካልተቀበለው ዝማሬ አይባልም።

ዲያቆኑ በተቃራኒው የማይገባ ቋንቋ አላስደነገጠውም። ግዕዝ እየሰማ ነው ያደገው። ቃል ሳይገባህም ሊሠራብህ እንደሚችል ያውቃል። እሱን የያዘው ክሬዶ ነው። የላቲኑ ጸሎተ ሃይማኖት መንፈስ ቅዱስ «ከአብ ከወልድም» ይሠርጻል የሚል ጭማሪ አለው። እኛ ጋ «ዘሠረጸ እምአብ» ነው፣ አለቀ። ይሄ ነገር ምሥራቁንና ምዕራቡን ቤተ ክርስቲያን ስንት መቶ ዓመት ያጨቃጨቀ ጉዳይ ነው። ዲያቆኑ ጆሮውን ቀስሮ ያችን ቃል ጠበቀ። ጊታሩ መጣ፣ ቃሉን ዋጠው። «ኧረ ባክህ መልሰው» አለኝ። መለስኩት። አሁንም ዋጠው። ሰው ሁሉ ሮክ መሆኑ ያስቆጣዋል ብሎ ሲጠብቅ እሱ የተቆጣው ሮኩ ክርክሩን ስላበላሸበት ነው።

ጎረቤታችን ጋሼ ደግሞ በወጣትነታቸው የፈረንጅ ሸክላ እያሳደዱ ይገዙ የነበሩ ሰው ናቸው። ፒያሳ ድሮ እንዲህ ነበረች ብለው ከጀመሩ አያልቅላቸውም። ኪርዬን በጸጥታ ሰሙ። ግሎሪያ ላይ ጊታሩ ብቻውን ሲሮጥ፣ ሲሮጥ፣ ሲሮጥ፣ «ይኼ ልጅ መንገድ ጠፍቶበታል» አሉ። እውነታቸውን ነው። ከሃይማኖት ጋር የማይገናኝ ንጹሕ የሙዚቃ ትችት ነው። እኔም ብጠየቅ ኪርዬና ሳንክቱስ አጥንት ያላቸው ሥራዎች ናቸው፣ ግሎሪያ ግን ከግማሹ በኋላ ሙሌት ነው። ስለዚህ አልበም «ድፍረት ነው» የሚሉ ሰዎችን ስትሰማ አንዳንዴ ልብ በል። ብዙዎቹ ሊሉ የፈለጉት «ሰለቸኝ» ነው። ድፍረት የሚለው ቃል ስለሚከብድ ይቀድማል።

እማዬስ? እኔ ጊታሩ ነው ያስደነገጣት ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ።

ኪርያላይሶን ለእኛ ቤት የፈረንጅ ቃል አይደለም። በስቅለት ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ሕዝቡ እየሰገደ «ኪርያላይሶን፣ እብኖዲ ናይን» ይላል። ኪርያላይሶን ግሪክ ነው፣ «ጌታ ሆይ ማረን»። እብኖዲ ናይን ደግሞ ከግብጽ፣ ከቅብጥ ቋንቋ የመጣ ነው፤ «አምላክ ሆይ ማረን»። ቃሎቹ አሌክሳንድሪያን ተሻግረው እዚህ ደረሱና ግዕዝ ውስጥ ሳይተረጎሙ ቀሩ። ላቲኖቹም ጋ ያው ነው። ቅዳሴያቸው ሁሉ ላቲን ሆኖ ኪርዬ ብቻ ግሪክ እንደሆነ ቀረ። ማለትም የሎስ አንጀለሱ ባንድና የጊዮርጊስ ምእመን የሚሉት ያው አንድ ቃል ነው። አነባበቡ ብቻ ነው የተለያየው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ይህን ሸክላ የገዛ ወጣት ኪርዬን እንደ ምሥጢራዊ ጥንታዊ ድምፅ ሊሰማው ይችላል። እማዬ ግን ጉልበቷን ነው ያመማት። በስቅለት ስንት ሰዓት ስትሰግድ እንደምትውል አውቃለሁ።

«ጊታሩ ነው እንዴ የከበደሽ?» አልኳት።

«የምን ጊታር። ኪርያላይሶን በከበሮ ይባላል?»

ይሄኔ ዲያቆኑ ራሱን ነቀነቀ። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ። መቋሚያ ብቻ ይቀራል። ጾሙ ሲፈታ፣ በትንሣኤ ሌሊት፣ ከበሮው ተመልሶ ሲመታ ደረትህ ውስጥ ይሰማሃል። የከበሮው ዝምታ ራሱ ሥርዓት ነው፤ ሐዘን ነው። የእማዬ ጆሮ ውስጥ ኪርያላይሶን የተቀመጠው እዚያ ከበሮ በሌለበት ሳምንት ነው። ሙዚቀኛው ድራሙን ሲመታ ለእሷ ሐዘን ቤት ውስጥ እንደማጨብጨብ ሆነባት። ስለዚህ አልበም ካነበብኳቸው የፈረንጅ አስተያየቶች አንዱም ይህን አይልም። ሊልም አይችልም።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ጊዜው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከ1962 እስከ 1965 በተካሄደው ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ቅዳሴ በየአገሩ ቋንቋ እንዲካሄድ በር ከፈተች። ከዚያ በኋላ ላቲን ከየደብሩ መውጣት ጀመረ፤ በምትኩ በአንዳንድ ቦታ ጊታር ገባ። በመሃሉ ይህ አልበም ብቅ አለ። ካህናቱ ላቲንን ሲተዉ ጸጉረ ረጃጅም የሮክ ልጆች አነሱት። በላቲን ላደገ ምእመን ይህ የሟች ዘመድ ድምፅ በማያውቀው ሰው አፍ እንደመስማት ነው። አንዳንዱን ያስለቅሰዋል፣ አንዳንዱን ያናድደዋል። እኛ ጋ «ቅዳሴ በአማርኛ ወይስ በግዕዝ» የሚለውን ክርክር የሰማ ሰው ስሜቱ አይጠፋውም።

ቅዳሴን በአዲስ ሙዚቃ መሥራት በእነሱ አልተጀመረም። ኮንጎ ውስጥ በ1958 «ሚሳ ሉባ» ቀርቧል፣ በላቲን ግን በአገሬው ከበሮና ዜማ። አርጀንቲና ውስጥ አሪየል ራሚሬስ በ1964 «ሚሳ ክሪዮጃ»ን በስፓኒሽ ጻፈ። እነዚያን ሰው በቀላሉ ተቀበላቸው። ለምን? አንዱ ምክንያት ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር የተያያዙ መሆናቸው ነው። የእኛው አልበም የመጣው ግን ከስቱዲዮ ነው። ቀደም ብዬ የነገርኳችሁ የባንዱ ታሪክ እዚህ ጋ ይገባል። ሰሚው ሲያጣራ ዘፋኞቹ ደራሲ እንዳልሆኑ፣ ግማሹን ሌላ ባንድ እንደተጫወተው፣ መድረክ ላይ ሊያቀርቡት ሞክረው እንደተበላሸባቸው ይደርስበታል። ከዚያ «ለመሆኑ ያምኑበታል?» ይላል።

ይህ ጥያቄ አዲስ አበባ ላይ ሲጠየቅ ክብደቱ እጥፍ ነው። እኛ መዝሙር ስንሰማ ከዜማው በፊት የምንጠይቀው «ዘማሪው ማነው?» ብለን ነው። ትናንት የት ነበር? ከማን ጋር ታየ? ኑሮው ከዝማሬው ጋር ካልገጠመ ካሴቱ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በኦርቶዶክሱም በፕሮቴስታንቱም ቤት ይህ አንድ ነው። ለሮክ አድማጭ ግን ዘፋኙ ማመኑ ግዴታው አይደለም። ሥራው ከሰውየው ተለይቶ ይቆማል። ሁለቱ ሰሚዎች ቢከራከሩ አይግባቡም፤ አንዱ ስለ ሰው፣ ሌላው ስለ ድምፅ ነው የሚያወሩት።

ኪርዬን ብዙ ሰው ያወቀው ከአልበሙ እንኳን አይደለም። በ1969 በወጣው «ኢዚ ራይደር» ፊልም ውስጥ ገብቷል፣ ኒው ኦርሊንስ ላይ። ሞተረኞቹ ከተማ ገብተው ሲበሉና ሲጠጡ ይሰማል። በዚያ መንገድ ያወቀው ሰው «ጌታ ሆይ ማረን» ሲባል መንገድና ሞተር ነው የሚታየው። ያው ቃል፣ ያው ቅጂ፣ ሌላ ትዝታ።

ቡናው ሁለተኛው ላይ ደረሰ። አልበሙም አለቀ። ጋሼ «በሉ ጥላሁንን ክፈቱልን» አሉ። ዲያቆኑ አሁንም ክሬዶውን በስልኩ ቃል በቃል እየፈለገ ነው። ጊታሪስቱ አየር ላይ ጣቶቹን እያንቀሳቀሰ የባሱን መስመር ያጠናል።

እማዬ ረከቦቱን እያስተካከለች፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ «ያችን የመጀመሪያዋን ድገማት እስቲ» አለች። «ከበሮዋን ቀንሰህ።»

ከበሮ ብቻውን አይቀነስም፤ አንድ ላይ የተቀዳ ነው። ስልኩ ላይ ገብቼ ወፍራሙን ድምፅ እስከ መጨረሻው አወረድኩት። ስፒከሯም ትንሽ ስለሆነች ድራሙ ሩቅ ሄደ፣ ሌላ ቤት ውስጥ የሚመታ መሰለ። ድምፁና ነዘሩ ቀሩ። እማዬ ስኒ በእጇ እንደያዘች አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማች። ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«አሁን ትንሽ ይሻላል» አለች። «ቡናው ቀዘቀዘ፣ ጠጡ።»